ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ፊኛ

እጅ በጠረጴዛ ውስጥ ለምን እንደማያልፍ ለማስተማር ሁለት ፊኛ፣ ክር፣ የሱፍ ሹራብና ጠመኔ ይበቃል። ለአቶም አሠራር አምስት ደቂቃ ስጡት። ክረምት ላይ ግን አትሞክሩት፤ እርጥበቱ የፊኛውን ቻርጅ ይወስደዋል።

የሚያስቸግረው ቀጥሎ ያለው ነው። መማሪያ መጽሐፉ «ኤሌክትሮኖች ስለሚገፋፉ» ብሎ ያልፋል። እኔም ያንኑ ለዓመታት መድገሜ እስካሁን ያበሽቀኛል። በሹራብ የታሹት ሁለት ፊኛዎች በክር ሲንጠለጠሉ ይሸሻሻሉ፤ ተማሪው ያምናል። አንዱን ፊኛ ግን ወደ ግድግዳ አስጠጉት፤ ይለጠፋል። ግድግዳው ቻርጅ አልተሰጠውም፤ ፊኛው በግድግዳው ውስጥ ያሉትን ቻርጆች ትንሽ ፈቀቅ ስላደረጋቸው ነው የሚሳሳቡት። ታዲያ እየተሳበ ለምን ዘልቆ አይገባም? «መገፋፋት» ያለው መጽሐፍ እዚህ ላይ ዝም ይላል።

ስለዚህ አሁን ፊኛውን የማወጣው መጽሐፉን ለመሞገት ነው። ቀጥሎ ሰሌዳው ላይ ሁለት ሃይድሮጅን እሥላለሁ። ያላቸው አንድ አንድ ኤሌክትሮን ነው፤ ስፒናቸው (ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብቻ የሚሆን የኤሌክትሮን ባሕርይ) ተቃራኒ ከሆነ ሁለቱም ታችኛው የኢነርጂ ደረጃ ላይ አብረው ይገባሉ፤ አቶሞቹም 0.074 ናኖሜትር ተራርቀው ይያያዛሉ። ከጎናቸው ሁለት ሂሊየም እሥላለሁ፦ አራት ኤሌክትሮን። ታችኛው ደረጃ ግን ከሁለት በላይ አይቀበልም፤ የፊዚክስ ሊቁ ፓውሊ እ.ኤ.አ. በ1925 ያወጣው የክልከላ ሕግ ይህ ነው። የተረፉት ሁለቱ ፎቅ ይወጣሉ፤ የፎቁን ኪራይ በኢነርጂ የሚከፍለው አቶሞቹን ወደ አንድ የሚገፋው ነው፤ ፊኛው በግድግዳው፣ እጅም በጠረጴዛው ውስጥ የማያልፉት ለዚህ ነው። የኤሌክትሮን መገፋፋት ብቻውን ቢወስን ኖሮ ሃይድሮጅንም ባልተያያዘ ነበር።

«ቁጥር አሳየን» ለሚል ተማሪ ፖታሲየምን ስጡት። የነፃ ኤሌክትሮኖቹን ብዛት በአንድ ሜትር ኩብ፣ በፌርሚ ኢነርጂያቸው (ደረጃዎቹ ከታች ጀምረው ሲሞሉ የመጨረሻው ኤሌክትሮን የሚደርስበት ኢነርጂ) እና በሁለት ሦስተኛ ብታባዙ ለመጨመቅ ያለው እምቢታ 3.2 ጊጋፓስካል ይወጣል፤ የሚለካው 3.1 ገደማ ነው። በመዳብ ጀምራችሁ እንዳትዋረዱ፦ ስሌቱ 64 አካባቢ ይሰጣል፣ የሚለካው ግን ወደ 140 ነው፤ የውስጠኞቹ ኤሌክትሮኖች ስላልተቆጠሩ።

ኤሌክትሪክን ጨርሳችሁ አትጣሉ፤ ኤሌክትሮኖቹን ከኒውክለሱ ጋር የያዛቸው እሱ ነው። ተመራማሪዎቹ ዳይሰንና ሌናርድ እ.ኤ.አ. በ1967 ቁስ ለምን በራሱ ላይ እንደማይከሰከስ በሒሳብ ያረጋገጡት ኤሌክትሪክንና የፓውሊን ሕግ አንድ ላይ ይዘው ነው።

ጎበዝ ተማሪ «ኒውትሪኖ የሚባለው ደቂቅ ቅንጣትስ በቁስ ውስጥ ለምን ያልፋል?» ይላል። ክልከላው በአንድ ዓይነት ቅንጣቶች መካከል ብቻ ነው፤ ኒውትሪኖ ኤሌክትሮን አይደለም፣ ቻርጅም የለው።