ለጀማሪ የትኛውን ጌም ልምረጥ?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሳቢያን አክስቴ ቤት ነበርኩ። ድሬ በዚያ ሰዓት እንዴት እንደምትሆን ታውቃላችሁ። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት ከቶት መንገዱ ላይ ባጃጅ እንኳን አይታይም። የአክስቴ ልጅ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብላ ስልኳን ስትነካካ ቆየችና ድንገት ቀና አለች። "አቦ፣ አንተ ሁሌ ከሰው ጋር የምትጫወተው ጌም አለ አይደል? እኔም መጀመር እፈልጋለሁ፣ የቱን ላውርድ?"

ወዲያው አልመለስኩላትም። እኔን ያስጀመረኝ ጓደኛዬ ራሱ የሚወደውን ጌም ነበር የሰጠኝ። ሳምንት ሙሉ የሰበሰብኩትን ዕቃ በአንድ ምሽት አንድ የማላውቀው ተጫዋች ገድሎኝ ወሰደው፤ እኔም ዘጋሁትና ሁለት ዓመት ያህል ወደዚህ ዓይነት ጌም ዞር ብዬ አላየሁም። እሷ እንዲህ እንድትሆን አልፈለግኩም። ስለዚህ "ምርጡ የቱ ነው?" ማለቱን ትቼ ያላትን ነገር ጠየቅኳት። ስልክ ብቻ፣ ኮምፒውተር የለም። ኢንተርኔቱ በፓኬጅ የሚገዛ። በብር ካርድ ውጭ አገር መክፈል እንደሆነ ለአብዛኞቻችን የማይሆን ነው።

ይሄ ብቻ ብዙውን ከመንገዱ አወጣው። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ትልቅ ጌም ነው፣ በፈረንጆቹ 2004 ከወጣ ጀምሮ ሰው ይጫወተዋል፤ ግን ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ በነፃ የሚያስኬደውም እስከ ሌቭል 20 ነው፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ ክፍያ አለ። ጊልድ ዋርስ 2ን በጣም እወደዋለሁ። ወርሃዊ ክፍያ የለውም፤ አንድን አውሬ ሁለት ሰው ቢመታው ሁለቱም ድርሻቸውን ያገኛሉ፣ "የኔ ነው" የሚባል ጭቅጭቅ የለም። ኮምፒውተር ላላችሁ ጀማሪዎች እሱን ነው የምለው። ብቻ በአስር ጊጋዎች የሚቆጠር ዳውንሎድ ስላለው ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቤት ሂዱና አውርዱት።

ኮምፒውተር ላለው ፋይናል ፋንታሲ 14ም አለ፤ ነፃ ሙከራው እስከ ሌቭል 70 ድረስ ያስኬዳል፣ ታሪኩም ደስ ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ነው። ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ ከሌሎች ሰባት ሰዎች ጋር ሆነህ የምትገባባቸው ውጊያዎች አሉ። መሀል ላይ መብራት ቢሄድስ? ሰባት ሰው ቆሞ ይጠብቅሃል። ልምድ ያለው ሰው ይችለዋል፤ ጀማሪ ግን በሀፍረት ሁለተኛ አይመለስም።

ስልክ ላይ የሚሠራው አልቢዮን ኦንላይንም ትዝ አለኝ። በነፃ ነው፣ ከ2024 ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ ሰርቨር (ጌሙን የሚያስኬደው ኮምፒውተር) ስላለው ለእኛም ይቀርባል። ሰማያዊ በሚባሉት ቦታዎች እስከቆየህ ድረስ ማንም አይነካህም። ቀዩና ጥቁሩ ውስጥ ከሞትክ ግን የለበስከውንም የያዝከውንም ታጣለህ። ለሁለተኛ ጌም ጥሩ ነው። ለመጀመሪያ አልመርጠውም።

እና ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ አልኳት።

መልኩ ያረጀ ነው፣ እሷም መጀመሪያ አይታው ፊቷን ቋጠር አደረገች። እውነቷን ነው፣ በ2007 ከነበረው ቅጂ ተነስቶ በ2013 የተከፈተ ጌም ነው። ነገር ግን ስልክ ላይ ከ2018 ጀምሮ አለ፣ ቀላል ነው፣ ያንኑ አካውንት ነገ ኮምፒውተር ስታገኝ ትከፍተዋለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለእኛ ኢንተርኔት የተሠራ ነው የሚመስለው። ጌሙ የሚንቀሳቀሰው በየ0.6 ሰከንዱ በሚመታ ምት ነው። ጣትህን ብታሳርፍ የሚፈጸመው ቀጣዩ ምት ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ ኔትወርኩ ትንሽ ቢንቀራፈፍም ጎንህ ካለው ፈጣን ኢንተርኔት ካለው ሰው ያን ያህል አታንስም። ሰርቨር ስትመርጡ ብቻ እንግሊዝን ወይም ጀርመንን ውሰዱ።

ብትሞትም ከባድ አይደለም። በጣም ውድ የሆኑት ሦስት ዕቃዎች አብረውህ ይቀራሉ፣ ሌላው የሞትክበት ቦታ መቃብር ላይ 15 ደቂቃ ይጠብቅሃል። ሄደህ ትወስዳለህ፣ በቃ።

መማሪያ ደሴቱን ጨርሳ ላምብሪጅ የምትባለው ከተማ ስትደርስ አጠገቧ ነበርኩ። የመጀመሪያ ሥራዋ ግቢው ውስጥ ያለውን ወጥ ቤት ሠራተኛ መርዳት ነው። ሰውየው ለመስፍኑ የልደት ኬክ እንቁላል፣ ወተትና ዱቄት ጎድሎበታል። እንቁላሉን ዶሮዎቹ ጋ አገኘች። ላሟን ደግሞ ራሷ አለበች። ዱቄቱ ላይ ቆመች። ስንዴውን ከማሳው ነቅላ ወፍጮ ቤቱ አናት ድረስ ወጣች፣ አፈሰሰችው፣ ማንሻውን ሳበች። ምንም የለም። እንግሊዝኛውን ጮክ ብላ ደግማ አነበበችው። እኔ አፌን ይዤ ዝም አልኩ፣ መንገር አልፈለግኩም። "ቆይ ቆይ፣ ወፍጮ ቤት ዱቄቱ የሚወርደው ከታች አይደል እንዴ!" ብላ ደረጃውን ወረደች። ዱቄቱ እዚያ ነበር፤ ግን መያዣ የላትም። ማሰሮው ግቢው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር የቀረው፣ መጀመሪያ ስታልፍ አይታው ትታዋለች። ያን ሁሉ መንገድ ተመልሳ ሄደች። ማንም አላስቸኮላትም፣ ማንም እስክትመጣ አልጠበቃትም። ኬኩ ሲያልቅ አክስቴ ቡናውን አቅርባ ሁለቴ ጠርታናለች።

ጀማሪ የሚያስፈልገው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ቀስ ብሎ መሳሳት የሚቻልበት ቦታ።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ነገርኳት፣ ለእናንተም ልንገራችሁ። ቻት ላይ "ገንዘብሽን ስጪኝ፣ እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ" የሚል አይጠፋም። አይመልስም። "ነይ ጥሩ ቦታ ላሳይሽ" ብሎ ወደ ሰሜን የሚወስድም አለ፤ ካርታው ላይ ከላይ ያለው ዊልደርነስ ሰው ሰውን የሚገድልበት ነው። ድንበሩ ላይ ቦይ አለ፣ ለመሻገር ስትሉ ጌሙ ራሱ ያስጠነቅቃችኋል፣ ማስጠንቀቂያውን አንብቡት። ፓስወርድ ለማንም አይሰጥም። የጌሙን ገንዘብ ከውጭ በብር እንሽጥላችሁ የሚሏችሁንም አትስሟቸው፣ አካውንቱ ይዘጋባችኋል።

ስለ ክፍያው ለምትጠይቁኝ፣ ጌሙ ነፃ ክፍልና የሚከፈልበት ክፍል አለው፤ ነፃው ለወራት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ቦንድ የሚባል ነገር አለ፤ እዚያው ጌሙ ውስጥ ሠርታችሁ ባገኛችሁት ወርቅ ከሌላ ተጫዋች ትገዙና የሚከፈልበት ክፍል የ14 ቀን አባልነት ይሆናችኋል። ካርድ አያስፈልግም። ለጀማሪ ወርቁ ቶሎ አይሞላም፣ ግን መንገዱ አለ።

ትናንት ማታ ደወለችልኝ። 28 የላም ቆዳ ሰብስባለች፣ ቦርሳው ከዚያ በላይ አይዝም። ቫሮክ ከተማ ወዳለው ትልቁ ገበያ ይዛው ልትሄድ ነው። ቀፊራ በቅዳሜ ጠዋት ምን እንደሚመስል አስቢ፣ እንደዚያ ነው አልኳት። ከከተማዋ በስተደቡብ የድንጋይ ክብ አለ፣ እዚያ የቆሙት ጥቋቁር ጠንቋዮች ጀማሪ ካዩ አይለቁም፣ ዞረሽ ሂጂ አልኳት።

"በየት በኩል ልዙር?" አለችኝ።

እኔም ስልኬን ከፈትኩና ላምብሪጅ ድልድይ ላይ ጠብቂኝ አልኳት።