ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ትናንት ማታ የጎረቤታችን ልጅ ፍላሿን ይዛ መጣች። ዘንድሮ ተመራቂ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስጠርዝ ጽሕፈት ቤት ወስዳው፣ ፎልደሮቿ ሁሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ምልክት) ሆነው አገኘቻቸው። «ጋሼ፣ ቫይረስ በልቶታል፤ ፎርማት አድርጊው አሉኝ» አለችኝ።

እንኳንም አላደረገችው፤ ፎርማት ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ይጠርጋል። ይህን ምክር ስሰማ ሁሌም እበሳጫለሁ። ስንት ሰው ቫይረሱ ያልነካውን ሥራ በገዛ እጁ አጥፍቷል!

የሾርትከት ቫይረስ ፋይል አይበላም፤ ይደብቃል። ፎልደሩን ዊንዶውስ የራሱን የሲስተም ፋይሎች በሚደብቅበት መንገድ ይሰውረውና በዚያው ስም ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትነኩት ቫይረሱ ይነሳል፤ ፎልደሩም አብሮ ይከፈትላችኋል። ስለዚህ ሰው ምንም አይጠረጥርም። ኮምፒውተሩ ግን ተይዟል። ከዚያ በኋላ የሚሰካበት ፍላሽም ይያዛል።

አንቲቫይረስ ሾርትከቶቹን ሲያጠፋ ፍላሹ ባዶ ይመስላል። ሰው ይበልጥ የሚደነግጠው ያኔ ነው። ፕሮፐርቲስ ገብታችሁ ብታዩ ግን ቦታው እንደተያዘ ነው። ፋይሉ እዚያው አለ ማለት ነው። መጀመሪያ ቫይረሱን አጸዳሁ፣ ቀጥሎ በኮማንድ ፕሮምፕት አትሪብ በምትባለው ትእዛዝ የተደበቀውን ገለጥኩ። ጽሑፏ ከነምዕራፉ ወጣ። ወዲያው አንድ ቅጂ ኢሜይሏ ላይ አስቀመጥን።

በየጽሕፈት ቤቱ ያሉት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የተጫነባቸው ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ፈቃዱ ሳይገዛ በማታለያ የሚሠራ ዊንዶውስ ነው። ክራኩ እንዲሠራ አንቲቫይረሱ ይጠፋል። አፕዴቱም ዳታ ይጨርሳል ተብሎ ይዘጋል። ዳታ ውድ መሆኑ እውነት ነው፤ በባለቤቶቹ አልፈርድም። ግን እ.ኤ.አ. በ2017 የሆነውን አስታውሳለሁ። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ላይ የተገኘውን የደህንነት ክፍተት የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው በመጋቢት ነበር። በዚያው ክፍተት የሚገባው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በግንቦት ሲመጣ አፕዴቱን ያልጫኑትን በ150 ገደማ አገሮች አገኛቸው። ፋይላቸውን ቆልፎ ለመክፈቻ 300 ዶላር ቢትኮይን በተባለው የዲጂታል ገንዘብ ጠየቀ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሰረዙ። እንዲህ ያለው ቫይረስ እንደ ሾርትከቱ በአትሪብ አይፈታም። ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ የቀረ ፍላሽም አብሮ ይቆለፋል። ቅጂ የሚጠቅመው ነቅሎ ለብቻው ላስቀመጠው ነው።

አሁን የሚያሳስበኝ ዊንዶውስ 10 ነው። መደበኛ ድጋፉ፣ ማለትም ክፍተት የሚደፍንለት መደበኛ አፕዴት፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ግን አሁንም በእሱ የሚሠራ ሞልቷል። አዲስ ኮምፒውተር ግዙ ማለት ለብዙዎች የማይሆን ነው። ለመጻፍና ለማተም ብቻ ለሚያገለግል አሮጌ ኮምፒውተር በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ ወይም ሌላ ሊነክስ የሚባል ሲስተም መጫን ይቻላል። በነጻ ነው፤ ወደ አዲሱ ቨርዥን እየተሻገራችሁ አፕዴት ማግኘታችሁን ትቀጥላላችሁ። ይህ ካልሆነ ደግሞ፣ የተማሪ ውጤትና የደመወዝ ሰነድ የያዘውን ኮምፒውተር ቢያንስ ከኢንተርኔት ነቅላችሁ አስቀምጡት።