የመንዝ ባና ኤምባሲ ሲገባ

ደብረ ብርሃን ላይ የመንዝ ባና እሸጣለሁ። ለማያውቀው፣ ባና ከበግ ፀጉር ተፈትሎ የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ሐምሌን እኛ ከተማ ያደረ ሰው ጥቅሙን አይጠይቅም።

አንድ ቀን፣ ውጭ አገር ካሉት ኤምባሲዎቻችን አንዱ የንግድና የቱሪዝም ዝግጅት እንዳለው ሰማሁ። ለእኔ የውጭ ጉዳይ ሥራ ማለት ክራቫትና መግለጫ ነበር። ለካስ ገዢም ያፈላልጋሉ፣ ቱሪስትም ይጠራሉ። በ1961 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የቪዬና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት ራሱ የኢኮኖሚ ግንኙነትን ማሳደግ ከኤምባሲ ሥራዎች አንዱ ነው ይላል። ለሸዋም አዲስ ነገር አይደለም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር በ1841 እ.ኤ.አ. የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረሙት አንጎለላ ነው፣ ጫጫ አጠገብ። አዲስ አበባ ስመላለስ ስንቴ በአጠገቡ እንቅልፌን ስለጥጥ አልፌያለሁ!

ደፈር ብዬ ደወልኩ። ያነሳችው ዲፕሎማት ትሑት ናት። «ፎቶ ይላኩልኝ» አለችኝ። ባናውን ጠረጴዛ ላይ አጥፌ አንስቼ ላክሁ። በማግሥቱ ደወለች። «ይሄ ብርድ ልብስ ነው። አገሩ የታለ?»

እውነቷን ነው። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ወጥቼ ጓሳ ላይ ዘረጋሁት። ጓሳ የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ ሣር ያለበት ቦታ ነው። ቀይ ቀበሮ አለ፣ ጭላዳ ደግሞ እንደ በግ በመንጋ ይሰማራል። ፎቶው ላይ ከባናው ጀርባ አንድ ጭላዳ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል። ለፎቶ የተከፈለው ነው የሚመስለው።

ሦስት ናሙና ላክሁ። ከዚያ ጥያቄ ይዘንብ ጀመር። ስንት ኪሎ ይመዝናል? በምን ይታጠባል? ዋጋው እናንተ ጋ ነው ወይስ እዚህ ድረስ? ይቺኛዋ ጉድ አደረገችኝ። የጭነቱን ሒሳብ ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። የነገርኳቸው ዋጋ ደብረ ብርሃን ሱቄ ውስጥ የምሸጥበትን ነው። ባንክ ሄጄ ስለ ኤክስፖርት ፈቃድ የጠየቅሁትም ናሙናው ከሄደ በኋላ ነው። ዛሬ ቢሆን ቀድሜ የምሄደው እዚያ ነበር።

ሽታውም ነገር አመጣ። ባና እርጥበት ሲነካው በግ በግ ይላል። እኛ ለምደነዋል፣ አፍንጫችን አይሰማውም። እናቴ አስተያየቱን ሳነብላት «ታዲያ ምን እንዲሸት ፈልገው ነው?» ብላ ሳቀች። ቢሆንም ለቀጣዩ ፀጉሩን ሁለቴ አጥባ ፈተለችው።

ዋናው ፈተና ግን የመጣው አንድ ገዢ 40 ባና ሲጠይቅ ነው። ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ጥቁር ይሁን አለ። በደስታ ወደ ሸማኔው ጋሼ በረርኩ።

«ጥቁር የትኛው ጥቁር?» አሉኝ። ክራቸውን ቀለም አይነኩትም፣ የበጉ ጥቁር ነው። አንዱ በግ ከሰል ነው፣ ሌላው ፀሐይ መትቶት ቡላ ሆኗል።

«እሺ፣ ርዝመቱስ ስንት ሴንቲ ነው?»

«በክንድ ነው የምለካ። ክንዴ ደግሞ ተለውጦ አያውቅም።»

እሳቸው ልክ ናቸው። ችግሩ፣ 40 ለማድረስ ሦስት ሸማኔ ያስፈልጋል፣ ሦስት ሸማኔ ደግሞ ሦስት ዓይነት ክንድ አለው። ለገዢው እውነቱን ጻፍኩ። «12 አደርሳለሁ፣ ቀለሙም የበጉ ቀለም ነው።» ዲፕሎማቷ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር በአገሩ ቋንቋ ካርድ ላይ አሳትማ ናሙናው ላይ ሰካችው። ጉድለት ያልኩት ነገር መሸጫ ሆነ። ገዢው 12ቱን ወሰደ። 40 እችላለሁ ብዬ ብዋሽ ኖሮ የማሳፍረው እኔን ብቻ አልነበረም፣ እሷንም ጭምር ነው። ሥራዋ ሰውን ከሰው ማገናኘት ነው፣ ባናውን የሚያደርሰው እኔው ነኝ።

የሚገርመው ከባናው ይልቅ ስለ ጭላዳው የጠየቀኝ ሰው ይበዛል። ስለ መንገዱ፣ ስለ ማደሪያው፣ ስለ ብርዱ። ለሁሉም «ባና ይዘው ይምጡ፣ ከሌለዎት እኔ ጋ አለ» እላለሁ።

ለሸማኔው ጋሼ ሜትር ገዝቼላቸዋለሁ። ግድግዳው ላይ ሰቅለውታል። መጀመሪያ በክንዳቸው ይለካሉ፣ ከዚያ ሜትሩ ተሳስቶ እንደሆነ ያረጋግጣሉ።