ማጣሪያው ለምን በዝገት ተደፈነ?

ተቆጣጣሪና ባለጣቢያ በፍተሻ ቀን ሲደራደሩ ምን እንደሚያመልጥ ለማየት የአሜሪካ ኦሃዮው የኑክሌር ኃይል ጣቢያ ዴቪስ ቤሲ ይበቃል። የአሜሪካ ኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የሬአክተሩ ክዳን ቱቦዎች ለስንጥቅ እስከ 2001 መጨረሻ እንዲፈተሹ ፈልጎ ነበር፤ ኩባንያው ተከራክሮ እስከ ፌብሩዋሪ 2002 አስገፋው።

በማርች ወር ቁጥር 3 የሚባለው ቱቦ ሲጠገን ክዳኑ ተቦርቡሮ ተገኘ። በስንጥቁ የሾለከው ውሃ ቦሪክ አሲድ አለበት፤ ውሃው ሲተን አሲዱ ይበረታና ተራውን ብረት ይበላል። 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብረት አልቆ፣ 150 ባር የሚጠጋውን ግፊት የያዘው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የማይዝግ ብረት ልባስ ብቻ ነበር። ልባሱ እኮ ዝገት እንዲከላከል እንጂ ግፊት እንዲሸከም አልተሠራም!

ምልክቱ ቀድሞ ታይቷል፤ የአየር ጨረር መለኪያው ማጣሪያ በዝገት ብናኝ ቶሎ ቶሎ ይደፈን ነበር። ማጣሪያው ተቀየረ፣ ዝገቱ ከየት እንደመጣ ግን ተከታትሎ የደረሰበት አልነበረም።