ፊልሙ ያልተቀረጸበት ወንዝ

ከሲያትል የወጣሁት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። ኢንተርስቴት 90ን ይዤ ስኖኳልሚን ስሻገር ጨለማው ገና አልገፈፈም፤ ስፖኬን ስደርስ ፀሐይ ፊት ለፊት ዓይኔን ትወጋኝ ነበር። መኪናው ውስጥ ያለነው እኔ፣ አንድ ፔርሙዝ ቡናና በላስቲክ የቋጠርኩት ቆሎ ብቻ ነን። ወደ ሞንታና የሚወስደኝ ሥራ አይደለም፣ ዘመድ ጥየቃም አይደለም። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት አዲስ አበባ ያየሁት ፊልም ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበረ። መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ ጭቃ ቤት፤ አግዳሚ ላይ ተጣበን ካራቴና የጦርነት ፊልም እናያለን። አንድ ቅዳሜ ባለቤቱ ራሱ የማያውቀውን ካሴት ከተተ። ወንዝ፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ ቄስ አባት፣ ዓሣ። «ቀይረው!» እያለ ሰው አንድ በአንድ ወጣ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ቀረን። ከእንግሊዝኛው ግማሹ አልገባንም። ግን ታናሽየው ክሩን ከራሱ በላይ ሲያወናጭፍ፣ ክሩም በፀሐይ ሲያበራ፣ ወንድሜ እጄን ጨብጦ ትንፋሹን ዋጠ። በማግስቱ ከጎረቤት አጥር ሸንበቆ መዞ፣ ጫፉ ላይ ሲባጎ አስሮ፣ ሜዳ ላይ እንደዚያ ሲያደርግ ዋለ። ዓሣ ያለበት ውኃ በአካባቢያችን አልነበረም።

ፊልሙ «ኤ ሪቨር ረንስ ስሩ ኢት» ይባላል። ሮበርት ሬድፎርድ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣና በቀረጻው ኦስካር ያገኘ ሥራ ነው፤ ታናሽየውን ወንድም ፖልን ሆኖ የተጫወተው ብራድ ፒት ነው። መነሻው እውነት ነው። ኖርማን ማክሊን በሺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ ስለ ሟች ወንድሙ የጻፈው ታሪክ በ1976 ታተመ። ወንድሙ መጠጥና ቁማር ያሸነፉት፣ ወንዝ ውስጥ ግን የሚስተካከለው ያልተገኘ ሰው ነበር፤ በ1938 ተደብድቦ ተገደለ። ማክሊን ፊልሙን ሳያየው በ1990 አረፈ።

ፍላይ ፊሺንግ የሚሉት ማጥመድ ሐይቅ ዳር ከምናውቀው የአስጋሪ ሥራ ጋር አይገናኝም። መረብ አይጣልም፣ ትል አይሰካም። ትንሽ መንጠቆ ላይ ላባና ክር ተጠምጥሞበት ውኃ ላይ ያረፈች ነፍሳት ይመስላል። ይህ ሰው ሠራሽ ዝንብ ክብደት ስለሌለው እሱን መወርወር አይቻልም፤ የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ነው፣ ዝንቡ ይከተላል። ካሜራ የወደደውም ለዚህ ይመስለኛል። ሌላው ዓሣ አጥማጅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ የዚህኛው ግን መላ ሰውነቱ ይሠራል።

የመጀመሪያውን ቀን የሚዙላን ከተማ አልፌ ቦዝማን ከተማ ድረስ ነዳሁ። ታሪኩ የሚዙላና የብላክፉት ወንዝ ሆኖ ሳለ ፊልሙ በአብዛኛው የተቀረጸው እዚህ፣ በጋላቲን፣ በየሎውስቶንና በቦልደር ወንዞች ላይ ነው። የድሮዋን ሚዙላ ሆና የታየችውም ሊቪንግስተን ናት። ያን ጊዜ ብላክፉትን የደን ቆረጣና ማዕድን አጎሳቁለውት ነበር፤ በ1975 ላይኛው ክፍል ያለው የማይክ ሆርስ ማዕድን የዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ መርዙን ለቆበታል። ስሙ የተጠራው ወንዝ በራሱ ታሪክ ውስጥ ለመታየት ሳይበቃ ቀረ። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ የተቀረጸበትንም ስሙ የተጠራውንም ወንዝ በዓይኔ ለማየት ስመኝ ኖሬአለሁ።

የጋላቲን ሸለቆ በፊልሙ ላይ እንዳለው ነው፤ ድንጋዩ፣ ጥዱ፣ ነጭ አረፋው። መንገድ 191 ግን ከወንዙ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ መኪና ማቆሚያ ለማግኘት አራት ቦታ አለፍኩ። በየድንጋዩ ላይ ሰው ቆሟል። ብዙዎቹ ከወገባቸው በላይ ያለው አቋማቸው ያ የማውቀው አቋም ነው። አንድ ወጣት እየደጋገመ ክሩን በአየር ላይ ረጅም ያሽከረክራል፤ ውኃው ላይ አያሳርፈውም ማለት ይቻላል።

ቦዝማን ውስጥ የማጥመጃ ዕቃ የምትሸጥ ሴትዮ ይህን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። «ፊልሙ» ስትል ስሙን አትጠራም፤ እዚያ ማንም አይጠራም። ያ ከራስ በላይ የሚሽከረከር ውርወራ የፒት እጅ ሥራ እንዳልሆነ፣ ጄሰን ቦርገር የሚባል ወጣት አጥማጅ ተክቶት እንደሠራው አጫወተችኝ። ዓሣ ለመያዝ ስምንት ዘጠኝ ሜትር መወርወር ይበቃል አለችኝ፤ አዲስ የሚመጣው ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቃት ያንን ነው። ነዳጅ ስቀዳ ያገኘሁት ሽማግሌ ደግሞ «ያ ፊልም ወንዛችንን ሸጠብን» አሉኝ። ብቻቸውን ያጠምዱበት የነበረው ጥግ ዛሬ ወረፋ አለው፤ የቤቱ ዋጋ ልጆቻቸውን ከከተማው አስወጥቷል። ሊቪንግስተንም ሆነ ቦዝማን ውስጥ ይህን ቅሬታ ደጋግሜ ሰማሁት። ይገባኛል፤ የሚወዱት ቦታ ሲታወቅ ማጣት ነው። ቢሆንም ወንዙን የሚወድ ሰው መብዛቱ ክፋት ብቻ ነው ብዬ ለመቀበል ልቤ እምቢ አለኝ። እኔም በዚያው ፊልም የመጣሁ ሰው ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ወደ ብላክፉት ሄድኩ። ከሚዙላ በቦነር በኩል መንገድ 200ን ይዘው ይገባሉ። ወንዙ ከክላርክ ፎርክ ጋር ከሚገናኝበት አጠገብ መቶ ዓመት የቆመ ግድብ ነበር፤ ከቢዩት ከተማ ማዕድን የወረደ አርሴኒክና መዳብ ከጀርባው ተጠራቅሞ። በ2008 ፈርሶ ዛሬ ውኃው እንደ ልቡ ይወርዳል።

የቀጠርኩት የማጥመድ መሪ ስልሳ ዓመት የተጠጋው፣ ወንዙ ዳር ያደገ ሰው ነው። ወንዙ እንዴት እንደዳነ ሲያወራ እጁ ወደ ዋናው ወንዝ አልጠቆመም፤ ወደ ትናንሾቹ ገባሮች ነው። ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው እዚያ ነው። ከብት ዳርቻውን እንዳይረግጥ አጥር ታጠረ፤ የመስኖ ቦይ መግቢያ ላይ ወንፊት ተደረገ፤ አለዚያ ዓሣው ከውኃው ጋር ገብቶ እርሻ መሐል ይቀራል። ሥራው የተጀመረው ከፊልሙ በፊት፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በአካባቢው ሰዎችና በአርቢዎቹ ነው። «ከፊልሙ በኋላ ግን ገንዘብ ስንለምን ወንዙ የት እንዳለ ማስረዳት አላስፈለገንም» አለ።

በእኛ አገር ትራውት አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከኬንያ የመጣ በባሌ ተራሮች፣ ዲንሾ አካባቢ ዌብ ወንዝ ውስጥ እንዳለ ስነግረው ስሙን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

ከዚያ ዘንጉን አስጨበጠኝ። በፊልሙ ላይ አባትየው ልጆቹን በሜትሮኖም (የሙዚቃ ምት በሚቆጥር መሣሪያ)፣ በአራት ምት ያስተምራል፤ ክንድ በሰዓት ፊት ላይ ከ10 እስከ 2 ይመላለሳል። አገር ቤት ሰዓታችንን በሌላ አቆጣጠር ብንጠራም የሰዓቱ ፊት ያው ነውና ለእጄ አልከበደውም። የከበደኝ ከኋላ መታገስ ነው። ክሩ ከጀርባ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ካልጠበቁት ፊት ለፊት ተጠቅልሎ ይወድቃል። መሪው ክርኔን ይዞ «አሁን አይደለም… አሁን አይደለም… አሁን» ይላል። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ቆየን።

ብዙ ሰው ለምን እንደሚመጣ የነገረኝም ያን ጊዜ ነው። «መጀመሪያ ስለ ዓሣ ያወራሉ። እኩለ ቀን ሲሆን ስለ ወንድማቸው ይጀምራሉ። የአባቱን ኮፍያ ይዞ የሚመጣ አለ፤ አመድ ይዞ የመጣም አለ።» ዝም አልኩ። የእኔ ወንድም በሕይወት አለ፤ አዲስ አበባ። ጫቱና መጠጡ ከያዙት ብዙ ዓመት ሆነ። ገንዘብ ልኬአለሁ፣ ተቆጥቻለሁ፣ ለምኛለሁ፤ ፀበልም ሄዶ ተመልሷል። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያልገባኝ እንግሊዝኛ ሲያትል ሆኜ ደግሜ ሳየው ገባኝ፤ ፊልሙ ለካ የሚወዱትን ሰው እንዴት እንደሚረዱት ስለማያውቅ ሰው ነበር።

ወደ 7 ሰዓት ገደማ ክሩ አንዴ በትክክል ተዘረጋ። ዝንቡ ከድንጋይ ጥላ ሥር አረፈ፣ ውኃው በትንሹ ተሰነጠቀ፣ ዘንጉ ጎበጠ። መሪው መረቡን ከሥሩ አደረገ። ካትስሮት የሚባለው የትራውት ዓይነት ነው፤ ክንዴን ግማሽ ያህላል፣ ጎኑ የወይራ ዘይት መልክ አለው፣ ጥቁር ነጠብጣቡ ወደ ጅራቱ ይበዛል፣ ከመንጋጋው ሥር በብርቱካንማ ቀይ የተሰመረ ጭረት አለ። «እጅህን አርጥብ» አለኝ፤ ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፍፋል። መንጠቆውን አውጥተን ፊቱን ወደ ላይ፣ ወደ ሚመጣው ውኃ አዙሬ ያዝኩት። ስንጥቡ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጅራቱ መዳፌን ገፋና ሄደ።

8 ሰዓት ሲሞላ ክራችንን ጠቀለልን። ውኃው 23 ዲግሪ ገደማ ከደረሰ ዓሣው ስለሚደክም፣ ከ8 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ማጥመድ ይከለከላል፤ ማስታወቂያው እንጨት ላይ ተለጥፏል። በወንዙ ዳር የነበረው ሰው ሁሉ ማንም ሳያስገድደው እየወጣ ነበር።

ሸለቆው ውስጥ ስልክ አይሠራም። ቦነር ስደርስ መስመር መጣ። አዲስ አበባ ሌሊት 6 ሰዓት ይሆናል ብዬ እያመነታሁ ደወልኩ። አነሳ። ድምፁ ንጹሕ ነበር።

«የት ነህ?» አለኝ።

«ወንዙ ጋ። የፊልሙ ወንዝ።»

ትንሽ ዝም አለ። «ያኛው ራሱ?»

«ፊልሙ የተነሳው ሌላ ቦታ ነው። ታሪኩ የሆነበት ግን ይሄ ነው።»

«ዓሣ አየህ?»

«ያዝኩ። ለቀቅኩት።»

«ንገረኝ እስቲ» አለ፣ «ከመጀመሪያው።» መኪናውን ዳር አስያዝኩና ሞተሩን አጠፋሁ።