ከርነሉ ከመቶ 5 ሲይዝ

የወር መጨረሻ ሪፖርት በዘገየ ቁጥር መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ቀድሞ የሚነሳው ሐሳብ «ከርነሉ (የሰርቨሮቻችን ሲስተም የሊኑክስ እምብርት) ይስተካከል» የሚል ነው። አንድ ጊዜም አንድ ባልደረባዬ ከኢንተርኔት የለቃቀማቸውን የሊኑክስ ሴቲንጎች ይዞ መጣ፦ ስዋፒነስን (ከርነሉ ከራም ላይ ያለውን ወደ ስዋፕ፣ ማለትም ወደ ዲስክ፣ ለማውጣት ያለውን ዝንባሌ) ከ60 ወደ 10 ማውረድ፣ የቲሲፒ ባፈሮችን (የኔትወርክ ዳታ ማቆያዎችን) ማስፋት፣ ሌላም ሌላም። ትጉህ ልጅ ነው። «ቆይ፣ መጀመሪያ ሪፖርቱ እየሠራ ቪኤምስታትን እንየው» አልኩት፤ የፕሮሰሰሩንና የሜሞሪውን አጠቃቀም የሚያሳይ ትእዛዝ ነው።

ፕሮሰሰሩ ጊዜውን ከሞላ ጎደል የሚያጠፋው በዩዘር ዓምድ ሥር፣ ማለትም በፕሮግራሞቹ ሥራ ላይ ነበር። ሲስተም የሚለው፣ ማለትም ከርነሉ ራሱ የሚሠራበት ድርሻ፣ ቢበዛ ከመቶ 5 ነው። ወደ ስዋፕ የሚወጣም ከስዋፕ የሚመለስም ነገር የለም፤ ስዋፒነስ 60 ሆነ 10 ለዚህ ሪፖርት ምንም አይፈይድም። የአምዳል ሕግ የሚለው ይህንኑ ነው፦ የከርነሉን ሥራ ጭራሽ ጊዜ የማይወስድ ብናደርገው እንኳ የ20 ደቂቃው ሪፖርት በ19 ደቂቃ ነው የሚያልቀው።

ዳታቤዙን በኤክስፕሌይን (ጥያቄን እንዴት እንደሚፈጽም በሚያሳየው ትእዛዝ) ስንጠይቀው የግብይት ሠንጠረዡን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደሚያነብ ታየ። የቀን ዓምዱ ኢንዴክስ፣ ማለትም ፈጥኖ መፈለጊያ ማውጫ፣ አልነበረውም። ጨመርንለት፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

እስከ ዛሬ የሚያሳስበኝ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ናት፦ ቲሲፒ ቲደብሊው ሪሳይክል፣ ያለቁ ግንኙነቶችን ቶሎ ለማጽዳት የሚበራ ሴቲንግ። ይህችው መስመር ከዓመታት በፊት ዌብ ሰርቨራችን ላይ ገብታ ኖሯል፤ ማን እንዳስገባት የሚያውቅ የለም። ቢሮ ሆነን ስንሞክረው ሁሉም ይሠራል። በሞባይል ዳታ የሚገቡ ደንበኞች ግን አንዳንዴ ይገናኛሉ፣ አንዳንዴ ገጹ ዝም ይላቸዋል። «ኔትወርክ ነው» እየተባሉ ስንት ጊዜ ተመልሰዋል! ሴቲንጉ ሲበራ ከርነሉ ከእያንዳንዱ አይፒ አድራሻ የመጣውን የመጨረሻ የጊዜ ምልክት ይይዛል፤ ከዚያ ያነሰ ምልክት ይዞ የመጣውን አዲስ የግንኙነት ጥያቄ ያለ ምንም መልስ ይጥለዋል። በሞባይል ኔትወርክ ደግሞ ብዙ ስልኮች ኤንኤቲ (NAT) ከሚባለው የአድራሻ መተርጎሚያ ጀርባ ሆነው አንድ አድራሻ ይጋራሉ፤ የጊዜ ምልክታቸው አይገጥምም። የሊኑክስ ገንቢዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ከ4.12 ጀምሮ አውጥተው ጥለውታል። የእኛ ሰርቨር ያረጀ ከርነል ላይ ስለነበር እስከዚያ ቀን ድረስ ይታዘዘው ነበር።

ከርነልን ማስተካከል ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሶማክስኮን (ተቀባይ የሚጠብቁ ግንኙነቶች ወረፋ ጣሪያ) ካልተቀየረ እስከ ሊኑክስ 5.4 ድረስ 128 ብቻ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ 4096 ሆኗል። ግንኙነት በሚበዛበት አሮጌ ሰርቨር ላይ የወረፋ መሙላት ቆጣሪው ሲጨምር ካየሁ ያለማመንታት ከፍ አደርገዋለሁ።

አሁን በሴቲንግ ፋይላችን ከእያንዳንዱ መስመር በላይ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ልኬት አይቶ እንደጨመረው ይጻፋል። ያልተጻፈበት መስመር ቀጣዩ ጥገና ላይ ይወጣል።