ከበሩ እስከ ጠረጴዛው፦ ለሁሉም ተማሪዎች ተደራሽ የሆነ ካፌቴሪያ የነደፍኩበት ሂደትና ያገኘሁት ትምህርት

የአንድ ትምህርት ቤት ካፌቴሪያ እንደ አዲስ እንዲሠራ ተወስኖ ንድፉን በኃላፊነት ስረከብ፣ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን የሚመለከተው የተሰጠኝ የሥራ መመሪያ ክፍል ስለ መግቢያው በርና ስለ ተዳፋት መወጣጫው (ራምፑ) ብቻ የሚናገር ነበር። ሁለቱም የግድ ያስፈልጋሉ። ሆኖም ተማሪ ወደ ካፌቴሪያ የሚመጣው ለመብላትና ከጓደኞቹ ጋር ለመጨዋወት ስለሆነ፣ በሩን አልፎ ከገባ በኋላ ምግቡን ራሱ መምረጥ፣ ይዞ መሄድ፣ በፈለገው ጠረጴዛ መቀመጥና ሳህኑን መመለስ ካልቻለ አዳራሹ ለእርሱም ተሠርቷል ለማለት አይቻልም። ስለዚህ ሥራዬን የጀመርኩት አንድ ተማሪ የምሳ ደወል ከተደወለ አንሥቶ ወደ ክፍሉ እስኪመለስ ድረስ የሚያደርገውን ሁሉ በቅደም ተከተል በመጻፍ ነው። ከእያንዳንዱ ተግባር ጎን በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ፣ በክራንች የሚሄድ፣ ማየት የተሳነው፣ መስማት የተሳነውና ጫጫታ የሚከብደው ተማሪ ያንን ተግባር እንዴት ሊፈጽመው እንደሚችል አሰፈርኩ።

ከዚያም ጽሑፉን ይዤ ተማሪዎቹን ማነጋገር ጀመርኩ፤ ከሥራው ሁሉ ብዙ ያስተማረኝም ይህ ነው። አንዳንዶቹ ሰልፉ እስኪያልቅ ውጭ ስለሚቆዩ ለመብላት የሚቀራቸው ጊዜ እጅግ አጭር ነበር፤ ሌሎቹ ደግሞ ወደ አዳራሹ መምጣቱን ትተው በክፍላቸው ይበሉ ነበር። በክራንች የሚሄዱት ተማሪዎች የነገሩኝ ችግር በየትኛውም መመሪያ ላይ ጎልቶ አላየሁትም፤ አዳራሹ ውስጥ መራመድ አይቸግራቸውም፣ ግን ሁለቱም እጆቻቸው በክራንቹ ስለተያዙ ትሪ መሸከም አይችሉም። ይህን ከሰማሁ በኋላ ከምግብ መስጫው እስከ ጠረጴዛው ያለውን ጉዞ ራሱን የቻለ የንድፍ ጥያቄ አድርጌ ያዝኩት። መልሱ ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ በሰልፉ መጀመሪያ ላይ ማንም ተማሪ ሊወስዳቸው የሚችሉ፣ የማይንሸራተት ገጽ ያላቸውና ሲደገፏቸው የማያመልጡ ትንንሽ ባለጎማ ጋሪዎች ተቀመጡ።

ለልኬቶቹ መነሻ ያደረግኩት የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የ2010 የተደራሽ ንድፍ ደረጃዎችን ነው፤ ለአዋቂዎች ከሚሰጠው ልክ በተጨማሪ ለሕፃናትም የተለየ ልክ ስለሚያስቀምጥ ለትምህርት ቤት ሥራ ይመቻል። በዚህ ደረጃ መሠረት የመተላለፊያ ስፋት ቢያንስ 91.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ተሽከርካሪ ወንበር ሙሉ በሙሉ ለመዞር 152.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ቦታ ይፈልጋል። የመመገቢያ ጠረጴዛ ገጽ ከወለሉ ከ71 እስከ 86.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ከሥሩም ለጉልበት ቢያንስ 68.5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ክፍት ቦታ ሊኖር ይገባል። 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች በዋነኛነት በሚያገለግል ቦታ ግን ገጹ ከ66 እስከ 76 ሴንቲ ሜትር፣ የጉልበቱ ቦታ ደግሞ 61 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል።

እነዚህን ቁጥሮች በወረቀት ላይ ማሟላት ብቻውን እንደማይበቃ የተረዳነው፣ የአዳራሹን አንድ ክፍል በትክክለኛ መጠኑ ወለል ላይ በተለጣፊ ፕላስተር አስምረን፣ ወንበሮችን ደርድረን፣ ተማሪዎቹ እንዲመላለሱበት ስናደርግ ነው። በጠረጴዛዎች መካከል ያለው ክፍተት ባዶ ሲሆን ሰፊ ይመስላል፤ ተማሪዎች ሲቀመጡና ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሲስቡ ግን ከሁለቱም ወገን እየተበላ ይጠብባል። ስለሆነም የመተላለፊያውን ስፋት ከጠረጴዛው ጠርዝ ሳይሆን ሰው ከተቀመጠበት ወንበር ጀርባ እንድንለካ ወሰንኩ። ለማንኛውም ነዳፊ ከዚህ ሥራ አንድ ምክር ብቻ እንድሰጥ ብጠየቅ የምሰጠው ይህንኑ ነው።

ስለ መቀመጫ ብዙ ተከራክረናል። ደረጃው ከመቀመጫዎቹ ቢያንስ 5 በመቶው ተደራሽ እንዲሆን ያዛል፤ ስለዚህም ምልክት የተደረገባቸውን ጥቂት ጠረጴዛዎች በበሩ አጠገብ ማስቀመጥ ይበቃል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እኔ አልተስማማሁም፤ ዛሬ ቢጠይቁኝም አልስማማም። ልጅ ጓደኞቹ ወደተቀመጡበት ይሄዳል እንጂ ጓደኞቹ በየቀኑ እርሱ ወደተመደበበት ማዕዘን እንዲመጡ ሊጠበቅ አይገባም። አግዳሚው ከጠረጴዛው ጋር ተያይዞ የተሠራውን ዕቃ ትተን የሚነሡ ወንበሮችን መረጥን፤ የጠረጴዛ እግሮችም ከጠርዝ ወደ መሃል እንዲገቡ ስላደረግን፣ ተሽከርካሪ ወንበር በየትኛውም ረድፍ፣ በጠረጴዛው ጎን ጭምር፣ ሊጠጋ ይችላል። በዚህ ምክንያት የመቀመጫው ቁጥር ከቀድሞው ቀነሰ። አስተዳደሩ መጀመሪያ ቅር ቢለውም ምሳውን በሁለት ፈረቃ ማድረግ ጉድለቱን ሸፈነው፤ ሰልፉም አጠረ።

በምግብ መስጫው ባንኮኒ ላይ የትሪው መንሸራተቻ ከ86.5 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻም ሳይቋረጥ እንዲዘልቅ አደረግን፤ ተማሪው ትሪውን ሳያነሣ እየገፋ ሊሄድ ይችላል። የሰልፉ መስመር ከዝቅተኛው ልክ አልፎ 107 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ምግቡን የሚከልለውን መስታወት ዝቅ ማድረጋችን ተቀምጦ የሚያልፈው ልጅ ምግቡን ዐይቶ እንዲመርጥ ረዳው። ማንኪያና ሹካ፣ ኩባያና ውኃም በእጁ በሚደርስበት ከፍታ ተቀመጡ። በእጅ መታጠቢያው ሥር ለጉልበት ቦታ ተትቷል፤ የሙቅ ውኃ ቧንቧው እግር እንዳያቃጥል ተሸፍኗል፤ መክፈቻውም ጣት ሳይጨብጠው በእጅ ጀርባ የሚገፋ ነው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ድምፅ ነው። ጠንካራ ወለል፣ ባዶ ግድግዳና ከፍ ያለ ጣሪያ ድምፅን እየመለሱ ያስተጋባሉ። የመስማት አጋዥ መሣሪያ የሚጠቀም ተማሪ ከጎኑ ካለው ጓደኛው ቃል ጋር የሳህኑን መንኳኳትና የወንበሩን መጎተት አብሮ ጎልቶ ይሰማዋል፤ ኦቲዝም ላለባቸው ብዙ ልጆችም ይህ ጩኸት ምግቡን ትተው እንዲወጡ የሚያደርግ ነው። ስለዚህ ጣሪያውንና የግድግዳውን የላይኛ ክፍል ድምፅ በሚመጥጥ ሰሌዳ ሸፈንን፤ በወንበሮቹ እግር ሥር ለስላሳ መሸፈኛ አደረግን፤ የሳህን መመለሻውንም ከግድግዳ ጀርባ አዛወርን። ጸጥ ያለ ክፍልም አዘጋጀን፤ ነገር ግን በመስታወት ከአዳራሹ ጋር የሚተያይ፣ ማንም ተማሪ ጓደኛውን ይዞ ፈቃድ መጠየቅ ሳያስፈልገው የሚገባበት ነው።

መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች በምልክት ቋንቋ የሚነጋገሩት እጅና ፊት ሲታያቸው ስለሆነ የተወሰኑትን ጠረጴዛዎች ክብ አደረግን፤ ከተናጋሪው ጀርባ የሚመጣ ኃይለኛ ብርሃን ፊቱን ስለሚያጨልመው መስኮቶቹ መጋረጃ ተደረገላቸው፤ የአደጋ ደወሉም ብልጭ የሚል መብራት ተጨመረለት። ማየት ለተሳናቸው ደግሞ ከበሩ ወደ ምግብ መስጫው የሚወስደው ዋና መንገድ ቀጥ ያለና በእግር ወይም በነጭ በትር የሚለይ ወለል ያለው ሆነ። ነጭ በትር የሚያገኘው ወለል ላይና ወደ ወለሉ ቀረብ ብሎ ያለውን ስለሆነ፣ ከወለሉ 68.5 ሴንቲ ሜትር በላይ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ማንኛውም ዕቃ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ወጣ እንዳይል አገድን። የዐይን ብርሃናቸው ደካማ የሆኑትም ሳህኑን ከጠረጴዛው እንዲለዩ የሁለቱ ቀለም ተቃራኒ እንዲሆን ተመርጧል። የመስጫው ሠራተኞች ምግቡ በሳህኑ ላይ የት የት እንዳለ በቃል መናገርን ሠልጥነዋል፤ ይህ ምንም ወጪ ያልጠየቀ፣ ተማሪዎቹም እጅግ የወደዱት ለውጥ ነው።

አዳራሹ ሥራ ከጀመረ በኋላ ያስቸገረን መልሶ መጥበቡ ነው። ወንበር ከቦታው ይንሸራተታል፤ ዕቃ የያዘ ካርቶን መተላለፊያ ላይ ይቀመጣል፤ ባለጎማዎቹ ጋሪዎች ወደ ወጥ ቤት ይወሰዳሉ። ስለዚህ የመተላለፊያዎቹ ጠርዝ ወለሉ ላይ በቀለም ተሠመረ፤ ከእያንዳንዱ ምሳ በፊት መስመሩ ባዶ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሠራተኛ በስም ተመደበ። በየመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ ደግሞ አዲስ የገቡ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ከእኔና ከአስተዳደሩ ጋር ሆነው ከበሩ እስከ ሳህን መመለሻው ድረስ ይሄዱበታል፤ የሚያነሡትም አስተያየት በዚያው መንፈቀ ዓመት በጥገና ዕቅዱ ውስጥ ይካተታል።